መኪናው የቶዮታ፤ ምስሉስ የማን ነው?

አንድ የጎረቤቴ ልጅ ሰሞኑን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጠቅልሎ ይዞ ቤቴ መጣ፡፡ አስመጪዎችና ባንኮች በየዓመቱ መጨረሻ ለደንበኞቻቸው ከሚያድሉት ዓይነት ነው፡፡ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና «ጋሼ፣ እስቲ ይህንን ይዩልኝ» አለኝ፡፡ አንድ ነጭ መኪና ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ቆሟል፤ ኮፈኑ ላይ ደመናው ይታያል፣ ጎማው ላይ ጭቃ አለ፡፡ «ጥሩ ፎቶግራፍ ነው፤ የት ነው የተነሣው?» አልኩት፡፡ «የትም አልተነሣም፡፡ ኮምፒዩተር ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ፡፡ መነጽሬን አድርጌ ደግሜ ብመለከተውም ከፎቶግራፍ ልለየው አልቻልኩም፡፡

ልጁ የተማረው አርክቴክቸር ነው፡፡ እንደ ብዙ እኩዮቹ እንጀራ የሚበላው ግን ገና መሠረታቸው ያልተቆፈረ አፓርታማዎችን ተሠርተው ያለቁ አስመስሎ በማሳየት ነው፡፡ እነዚያን ምስሎች በየጋዜጣውና በየግንባታው አጥር ላይ አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም፡፡ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ጠርቶት ለአንድ መኪና አስመጪ የ30 ሰከንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚሆን መኪና በባለ ሦስት አውታር እንዲሠራ አዘዘው፡፡ ልጁ አስመጪው ግቢ እየተመላለሰ መኪናውን በሜትር ለካ፣ ከየማዕዘኑ ፎቶ አነሣ፣ ከዚያም ወር ከግማሽ ያህል ሌሊት ሌሊት ሠራ፡፡ ተከፈለው፤ ተጨባብጠው ተለያዩ፡፡ ማስታወቂያው ለጥቂት ሳምንታት ተላለፈና ቆመ፡፡ አሁን ግን ያው መኪና በቀን መቁጠሪያ፣ በመንገድ ዳር ቢልቦርድና በብሮሹር ላይ ብቅ ብሏል፡፡ ቀለሙ አንድ ጊዜ ነጭ፣ አንድ ጊዜ ቀይ ይሆናል እንጂ ፋይሉ የእርሱ ነው፡፡ ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አልከፈለውም፡፡

የመጣበት ጥያቄ አጭር ነበር፡፡ «ሕጉ ምን ይላል?»

እንደ እውነቱ ከሆነ ይህን ጥያቄ የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው እርሱ አይደለም፡፡ ጉዳዩ ከሞላ ጎደል በዚሁ መልኩ አሜሪካ ውስጥ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መቀመጫውን ዴንቨር ያደረገው የ10ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሰጥቶበታል፡፡ ውሳኔው ለልጁ የሚያስደስት አይደለም፡፡ እኔንም ባነበብኩት ቁጥር ከራሴ ጋር ያሟግተኛል፡፡

ወደ ፍርዱ ከመግባቴ በፊት ግን አንባቢ ስለ ሥራው ምንነት ጥቂት ቢያውቅ ደግ ነው፤ ክርክሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በሥራው ጠባይ ላይ ነውና፡፡ እ.ኤ.አ. በ1972 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኢቫን ሰዘርላንድ ተማሪዎቹን ሰብስቦ የባለቤቱን መኪና አስለካ፡፡ መኪናዋ እኛ ቮልስ የምንላት ዓይነት ነበረች፡፡ ተማሪዎቹ አካሏ ላይ በቀለም ነጥብና መስመር አደረጉባት፤ እያንዳንዱን ነጥብ በመለኪያ ዘንግ ለክተው ቁጥሩን ለኮምፒዩተር መገቡት፡፡ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ትውልደ ቬትናሙ ቡይ ቱዎንግ ፎንግ ደግሞ ብርሃን በሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚተነብይ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተመ፡፡ ስሌቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል፡፡ ከዚያ በኋላ ተርነር ዊትድ በ1980 የብርሃንን ጨረር ከዓይን ወደ ዕቃው እየተከተሉ ነጸብራቅን የሚያሰሉበትን መንገድ አሳየ፤ ጂም ካጂያ በ1986 ዛሬም የሙያው መሠረት የሆነውን ቀመር አቀረበ፡፡

መኪና ለዚህ ሥራ ከባድ ፈተና የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ አዲስ መኪና ስናይ በአብዛኛው የምናየው መኪናውን ሳይሆን በላዩ ላይ ያረፈውን ሰማይ፣ መሬትና ሕንጻ ነው፡፡ ቀለሙ ራሱ አንድ አይደለም፤ ከሥር መሠረታዊው ቀለም አለ፣ በውስጡ የሚያብረቀርቁ የብረት ቅንጣቶች አሉ፣ ከላይ ደግሞ እንደ መስታወት የጠራ ቫርኒሽ አለ፡፡ ብርሃን በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ዓይናችን የሚመለሰው፡፡ አሮጌ መኪና ሲገዛ አዋቂ ይዞ የሄደ ሰው አዋቂው ምን እንደሚያደርግ ያስታውሳል፡፡ ጎንበስ ብሎ በበሩ ላይ የሚታየውን ነጸብራቅ በዓይኑ ይከተላል፤ መስመሩ አንድ ቦታ ከተሰበረ «ይህ መኪና ተጋጭቷል፣ ባትላሜራ ገብቷል» ይላል፡፡ ኮምፒዩተር ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው፡፡ ከብዙ ሺህ ነጥቦች አንዷ ያለ ቦታዋ ከወደቀች ነጸብራቁ ይሰበርና ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም «ይሄ ውሸት ነው» ይላል፡፡

ኩባንያዎች ይህንን የወደዱት ለውበቱ ብቻ አይደለም፡፡ ፎቶግራፍ ማንሣት ማለት መኪናውን ማጓጓዝ፣ መንገድ ማዘጋት፣ ፀሐይ መጠበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የፊት መብራቱ ቅርጽ ሲቀየር ደግሞ ሁሉም እንደገና ይጀመራል፡፡ የኮምፒዩተሩ መኪና ግን ቀለሙም፣ ቸርኬውም፣ የቆመበት አገርም ጠረጴዛ ላይ ይቀየራል፡፡ ነገሩ እዚያ ደረጃ ስለ ደረሰ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 ዘ ሚል የተባለው ድርጅት ብላክበርድ የሚባል ርዝመቱና ስፋቱ የሚስተካከል ተሽከርካሪ ያቀረበው፡፡ መንገድ ላይ የሚነዳው ይህ አጥንት መሰል ነገር ነው፤ የፈለጉትን መኪና ቆዳ በኋላ ኮምፒዩተር ያለብሰዋል፡፡ ማስታወቂያ ላይ ስትከንፍ የምናያት መኪና ቀረጻው ቦታ ላይ ጨርሳ ያልነበረች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው፡፡

አሁን ወደ ፍርዱ፡፡ ከሳሹ ሜሽወርክስ የሚባል፣ እንደ አጋጣሚ በዚያችው በዩታ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ነበር፡፡ ቶዮታ የ2004 ሞዴል መኪኖቹን ለማስተዋወቅ ሳቺ ኤንድ ሳቺ የተባለውን የማስታወቂያ ድርጅት ይዟል፤ ሥራው ግሬስ ኤንድ ዋይልድ ለተባለ ድርጅት ተሰጠ፤ ይህ ደግሞ የመኪኖቹን ቅርጽ የማዘጋጀቱን ሥራ ለሜሽወርክስ በንዑስ ተቋራጭነት አስተላለፈ፡፡ የሜሽወርክስ ሠራተኞች መኪኖቹ ላይ በፕላስተር መረብ ዘርግተው፣ መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ሁሉ ከኮምፒዩተር ጋር በተያያዘ ተጣጣፊ ክንድ ለኩ፡፡ የሰዘርላንድ ተማሪዎች ከ30 ዓመት በፊት በዘንግ ያደረጉት ነው፡፡ መለኪያው ግን ሁሉን አይችልም፡፡ ቸርኬውን፣ የፊት መብራቱን፣ የበር እጀታውንና የቶዮታን ዓርማ ከፎቶግራፍ እያዩ በእጅ መሥራት ነበረባቸው፡፡ ለአንድ መኪና ከ80 እስከ 100 ሰዓት ይፈጅ ነበር፡፡ ያስረከቡት ውጤት ቀለምም፣ ብርሃንም፣ ጀርባም የሌለው የሽቦ አጥር የመሰለ ቅርጽ ነው፤ ቀለም መቀባቱና ብርሃን ማሳረፉ የሌሎቹ ፋንታ ነበር፡፡ ሜሽወርክስ የተዋዋልኩት ለአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብቻ ነው ሲል፣ ቅርጾቹ ግን በቶዮታ ድረ ገጽና በሌሎች መገናኛዎችም አገልግሎት ላይ ዋሉ፡፡ ሜሽወርክስ የቅጂ መብቴ ተጣሰ ብሎ ከሰሰ፡፡

ተረታ፡፡ የይግባኙን ፍርድ የጻፉት ኒል ጎርሰች ናቸው፤ በ2017 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሾሙት ዳኛ ማለት ነው፡፡ የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የቅጂ መብት የሚጠብቀው ከደራሲው የመነጨ አዲስ ነገርን ነው፡፡ የእነዚህ ቅርጾች እያንዳንዱ መስመር የመነጨው ከቶዮታ ንድፍ ሠሪዎች ነው፡፡ ሜሽወርክስ የጨመረው ነገር የለም፤ እንዲያውም የተቀጠረው ምንም እንዳይጨምር ነው፡፡ ጥሩ ቅጂ ቅጂ ነው፡፡ ፍርድ ቤቱ ሁለት አሮጌ ጉዳዮችን ተመርኩዟል፡፡ አንደኛው በ1884 የታየው የሳሮኒ ጉዳይ ነው፡፡ ፎቶግራፍ አንሺው ኦስካር ዋይልድን አስቀምጦ፣ ልብሱንና ብርሃኑን መርጦ ያነሣው ምስል የፈጠራ ሥራ ነው ተብሎ ተጠብቋል፡፡ ሁለተኛው በ1991 የተወሰነው የስልክ ማውጫ ክርክር ነው፤ ላብ ማፍሰስ ብቻውን የቅጂ መብት አያስገኝም ተብሏል፡፡ ሜሽወርክስ ሁለተኛው ወገን ውስጥ ወደቀ፡፡ ልብ በሉ፤ ፍርዱ በዲጂታል የተሠራ ነገር ሁሉ አይጠበቅም አላለም፡፡ ሠሪው የራሱን ብርሃን፣ ማዕዘን ወይም ጀርባ ቢጨምር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፡፡

በሕግ ዓይን ፍርዱ ትክክል ነው፤ እኔም ዳኛ ብሆን ከዚህ የራቀ አልፈርድም ነበር፡፡ የአገራችንን ቁም ጸሐፊ አስቡት፡፡ ዳዊት በብራና ሲገለብጥ ትልቁ ሙያው አንዲት ፊደል አለመጨመሩና አለመቀነሱ ነው፤ ወራት ደክሞበታልና መዝሙሩ የእርሱ ነው የሚል ሰው የለም፡፡ የሚያሳክከኝ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ በዚህ ሙያ ሰውየው ሥራውን አሳምሮ በሠራ መጠን ከመብት እየራቀ ይሄዳል፡፡ ቸርኬውን አጣምሞ፣ መብራቱን አበላሽቶ ቢያስረክብ ቢያንስ ስህተቱ የራሱ ነው፤ ፍጹም አድርጎ ከሠራ ግን ምንም የለውም፡፡ ቁም ጸሐፊውስ ቢሆን በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ «ጸልዩልኝ» ይላል፡፡ ለሜሽወርክስ ያችም አልተረፈችም፡፡

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ያው የአሜሪካ ሕግ በሌላ በኩል እውነታን መምሰልን እንደ ጥበብ መቁጠሩ ነው፡፡ ሃምቪ የሚባለውን ወታደራዊ ተሽከርካሪ የሚሠራው ኤኤም ጄኔራል በ2017 አክቲቪዥንን ከሰሰ፤ ኮል ኦፍ ዱቲ በተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ተሽከርካሪዬን ያለ ፈቃዴ አስገብተሃል ብሎ፡፡ በ2020 የኒውዮርኩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለጨዋታው ባለቤት ፈረደ፡፡ ምክንያቱ ምንድን ነው? የጦርነትን ስሜት ለተጫዋቹ እውነተኛ ማድረግ ራሱ የጥበብ ዓላማ ነው፤ እውነተኛው ሃምቪ መግባቱም ለዚህ ያገለግላል ተባለ፡፡ እንግዲህ በዴንቨር እውነትን መምሰል መብት አሳጣ፣ በኒውዮርክ እውነትን መምሰል ከክስ አዳነ፡፡ አንዱ የቅጂ መብት፣ ሌላው የንግድ ምልክት ጉዳይ ስለሆነ እርስ በርስ አይጋጩም ይባል ይሆናል፤ አውቃለሁ፡፡ ሆኖም በሁለቱም ክርክር ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ መኪናውን የሚሠራው ያው አንድ ሰው ነው፤ ሥራውም አልተለወጠም፡፡

አብዛኞቹ ጨዋታ ሠሪዎች በበኩላቸው ፍርድ ቤት መሄዱን አይመርጡም፤ ፈቃድ ይገዛሉ፡፡ ፈቃድ ማጣት ምን እንደሚያስከትል ፖርሽ ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በፖርሽ ስም የመጠቀም ብቸኛ ፈቃድ እስከ 2016 ድረስ ለዓመታት ይዞት ስለነበር፣ ግራን ቱሪስሞ የሚባለው ዝነኛ ጨዋታ ፖርሽን ማስገባት አቅቶት በምትኩ ሩፍ የሚባለው የጀርመን ድርጅት በፖርሽ አካል ላይ የሚሠራቸውን መኪኖች ያስገባ ነበር፡፡ መኪናው ያው፣ ስሙ ሌላ፡፡ ፈቃዱ ሲያበቃ ፖርሽ በ2017 ግራን ቱሪስሞ ስፖርት ውስጥ ገባ፡፡ ለመኪና ሠሪው ገንዘብ የሚያስገኝለት መኪናው ብቻ ሳይሆን የመኪናው መልክ ጭምር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፡፡

ወደ ጎረቤቴ ልጅ እንመለስ፡፡ አገራችን እስከ 1996 ዓ.ም. የምትመራው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት በተደነገጉት አንቀጾች ነበር፡፡ ዛሬ ያለን በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፡፡ አዋጁ ለሥራው ጥበቃ የሚሰጠው ጥራቱንና የተሠራበትን ዓላማ ሳያይ፣ ምዝገባም ሳይጠይቅ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ወጥ መሆን አለበት፡፡ የዴንቨሩ ሚዛን እዚህ ቢሠራበት ልጁ ከሜሽወርክስ የተሻለ ቦታ ላይ ነው፡፡ የመኪናው ቅርጽ የንድፍ ሠሪው ቢሆንም ዝናቡን፣ የረጠበውን አስፋልት፣ ኮፈኑ ላይ ያረፈውን ደመናና የካሜራውን ከፍታ የመረጠው እርሱ ነው፡፡ ሳሮኒ ለዋይልድ ያደረገለትን እርሱ ለመኪናው አድርጓል፡፡

ይህን ስነግረው ፊቱ በራ፡፡ ቀጥዬ የነገርኩት ግን መልሶ አጠቆረው፡፡ በእኛ አዋጅ አንድ ሥራ በቅጥር ወይም በትእዛዝ ከተሠራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የኢኮኖሚ መብቱ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ወይም ያዘዘው ወገን ነው፡፡ አሜሪካዊው ሠሪ የተሸነፈው ሥራህ ወጥ አይደለም ተብሎ ነው፤ የእኛው ደግሞ ሥራው ወጥ ሆኖም፣ ሳይጽፈው በቀረ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ሊሸነፍ ይችላል፡፡

«ውላችሁ የት አለ?» አልኩት፡፡ ስልኩን አወጣና አሳየኝ፡፡ ውሉ በቴሌግራም የተላለፈ መልእክት ነው፤ «ለ30 ሰከንዱ ስፖት መኪናዋን ሥራልን፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ እስከዚህ ቀን አድርስ»፡፡ እሱም «እሺ» ብሏል፡፡ ይኸው ነው፡፡ ሰዎች ውል ሲባል ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ ዓይነቱ ውል ግን ልዩ ፎርም የሚጠይቅ አይደለም፡፡ ያቺ «ለ30 ሰከንዱ ስፖት» የምትለው ሐረግ ለእኔ ከወርቅ ትበልጣለች፡፡ ሥራው ለምን እንደታዘዘ ታሳያለችና፣ ፋይሉ ከዚያ ውጪ እንዲውል ስምምነት አልነበረም ብሎ ለመከራከር በር ትከፍታለች፡፡ ሰፊ በር ነው አልልም፡፡ ሌላው ወገንም «ቅጹን ገዝተነዋል፣ ገንዘቡንም ወስደሃል» ብሎ እንደሚመጣ አያጠራጥርም፡፡

በእርግጠኝነት የቀረው የሞራል መብቱ ነው፡፡ የኢኮኖሚ መብቱ ወደ ሌላ ቢያልፍ እንኳ አዋጁ ለአመንጪው ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅለትና ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፡፡ ቀን መቁጠሪያው ላይ የማተሚያ ቤቱ ስም ከነስልክ ቁጥሩ አለ፤ የልጁ ግን የለም፡፡ ቁም ጸሐፊው ያገኛትን መስመር እርሱ አላገኘም፡፡

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ «ይልቅስ መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው፤ የሌለን ነገር እንዳለ አስመስሎ ሕዝብ ያታልላል» ይሉኛል፡፡ ከገጠር ሸጦ፣ ከባንክ ተበድሮ ያልተሠራ ቤት በምስል የገዛ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፡፡ ግን ማታለሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አይደለም፡፡ በ1990 ቮልቮ አንድ ማስታወቂያ ሠርቶ ነበር፤ ግዙፍ ጎማ ያለው የጭነት መኪና የተደረደሩ አውቶሞቢሎችን ሲረግጥ ቮልቮው ብቻ ሳይጨፈለቅ ይቀራል፡፡ እውነተኛ ካሜራ፣ እውነተኛ ብረት ነው፡፡ በኋላ ሲጣራ ቮልቮው ከውስጥ በድጋፍ ተጠናክሮ፣ የሌሎቹ ምሰሶ ደግሞ ተቆርጦ ተገኘ፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቮልቮንና የማስታወቂያ ድርጅቱን እያንዳንዳቸውን 150 ሺህ ዶላር አስከፈለ፡፡ በሌላ አነጋገር ፎቶግራፉ ዋሸ፡፡ ልጁ የሠራው መኪና ግን በሚሊ ሜትር የተለካ ነው፤ አስመጪው የሚሸጠውም ያንኑ ነው፡፡ የእኛም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚከለክለው አሳሳች ይዘትን ነው፤ ምስሉ በምን መሣሪያ ተሠራ ብሎ አይጠይቅም፡፡

ልጁን ከቀን መቁጠሪያው ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ነገ ነው፡፡ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ የመኪና ምስል ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መቀበል ይቻላል፡፡ የማስታወቂያ ድርጅቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሊጠራው የሚችለው ምስል እንዲሠራ ሳይሆን ማሽኑ ያበላሸውን ቸርኬና የበር እጀታ እንዲያርም ይሆናል፤ ሜሽወርክስ በእጁ የሠራቸውን እነዚያኑ ክፍሎች ማለት ነው፡፡ እዚያም ቢሆን ሕጉ ገና እየተንገዳገደ ነው፡፡ በ2025 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በቴለር ጉዳይ የቅጂ መብት ሰው ደራሲ ይፈልጋል ብሎ ወስኗል፡፡ ማሽን ብቻውን የሠራው ምስል ባለቤት የለውም ማለት ነው፡፡ አስመጪው ነገ ማሽኑን ቢያዝ ከልጁ ይድናል፤ ተፎካካሪው ያንኑ ምስል ሲወስድበት ግን የሚከስበት መብት ሊያጣ ይችላል፡፡

ከልጁ ጋር ተቀምጠን ለማስታወቂያ ድርጅቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፡፡ የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ በቢልቦርዱና በቀን መቁጠሪያው ለዋለው ሥራ ተገቢው እንዲከፈለው፣ ከእንግዲህ በሚታተመው ላይ ስሙ እንዲሰፍር፡፡ ከደብዳቤው ጋር የቴሌግራሙን መልእክት ቅጂ አያያዝን፡፡ ልጁ ሊወጣ ሲል ተመልሶ ቀን መቁጠሪያው ላይ የመኪናውን ታርጋ በጣቱ አሳየኝ፡፡ «ጋሼ፣ ይህ ቁጥር የእናቴ ስልክ የመጨረሻ አምስት ቁጥሮች ናቸው፡፡ ቀለሙን ሲቀይሩ ታርጋውን አላዩትም»፡፡ ይህንንም በደብዳቤው ውስጥ እንዲጨምር ነገርኩት፡፡